የሰማያዊው አራት ደቂቃ

ባለፈው ዓመት አንድ የቡና ድርጅት አዲስ የታሸገ ምርቱን የሚያስተዋውቅበትን ምሽት አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ አዘጋጅቶ ነበር፤ የመብራቱንና የፕሮጀክሽኑን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራው ካለቀ፣ ክፍያው ከተፈጸመና ዕቃው ተፈትቶ ወደ መጋዘን ከተመለሰ ቆይቷል። ከዝግጅቱ በፊት በነበረው ምሽት የሆነች አንዲት አጭር ነገር ግን እስከ ዛሬ ትከራከረኛለች። ክርክሩን የሚያከብደው ደግሞ በቁጥር ሲሰላ እኔ ብዙም ያልተሳሳትሁ መሆኔ ነው። ብሳሳት ኖሮ ጥፋቴን አምኜ፣ ትምህርት ወስጄ ባለፍሁት ነበር።

የድርጅቱ ፍላጎት ግልጽ ነበር። 200 ያህል እንግዶች ከምሽቱ 12፡30 ጀምሮ ይገባሉ፤ ሦስት ሰዓት ይቆያሉ። ትልቁ አዳራሽ በድርጅቱ ቀለም፣ ማለትም በደማቅ ቀይ ይሞላል። በረጅሙ ግድግዳ ላይ የቡና አበባ ይፈካል፤ ፍሬው ይቀላል፣ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይቆላል፤ በመጨረሻም ከሚትጎለጎለው ጢስ መካከል የድርጅቱ ስም ይወጣል። የፊልሙን ንድፍ ሲያሳዩኝ እኔም ወደድሁት። ችግሩ ያ ረጅም ግድግዳ ባዶ አለመሆኑ ነው። ስምንት ትልልቅ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ተሰቅለውበታል፤ በስተቀኝ ጫፍ ደግሞ በወረቀት ላይ የተሠሩ ስድስት ትንንሽ የውኃ ቀለም ሥዕሎች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። ሥዕሎቹን ማውረድ አይቻልም፤ ድርጅቱም እንዲወርዱ አልፈለገም፤ ሙዚየም የተከራየው ሥዕል ስላለው ነውና።

ሙዚየሙ የላከልን ደብዳቤ አጭርና ቆፍጣና ነበር። የጭስ ማሽን አይገባም። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላል፤ ከሰልም ሆነ እጣን የአዳራሹን ደፍ አያልፍም። (የቡና ምረቃ ያለ እጣን እንዴት ይሆናል ብለው የተቆጡ ነበሩ። የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ከዘመናት የእጣንና የጧፍ ጢስ በኋላ ምን እንደሚመስሉ ያየ ሰው ግን ቁጣው ቶሎ ይበርድለታል።) በዘይት ቀለም ሥዕሎቹ ላይ ከ200 ሉክስ፣ በወረቀት ሥዕሎቹ ላይ ደግሞ ከ50 ሉክስ በላይ ብርሃን አያርፍም። ሉመን ከመብራቱ የሚወጣው ብርሃን መለኪያ ነው፤ አንድ ሉክስ ማለት አንድ ሉመን ብርሃን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ ነው። የእኛ ፕሮጀክተር 10,000 ሉመን ያወጣል፤ ምስሉን በ15 ካሬ ሜትር ላይ ዘርግተን ሙሉ ነጭ ብናበራ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ከ650 ሉክስ በላይ ያርፋል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ በባዶው የግድግዳ ክፍል ላይ ስንሞክረው መለኪያው 640 አሳየን።

መፍትሔዬን ሳስበው ኮርቼበት ነበር። በሙያችን «ማስክ» የምንለው ነው። የግድግዳውን ፎቶ አንስቼ፣ እያንዳንዱን ፍሬም በኮምፒውተር ላይ በጥንቃቄ ከብቤ፣ ሥዕል ያለበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ሆኖ እንዲቀር አደረግሁ። ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም አይረጭም፤ ጥቁር የሚሆነው ብርሃን ያልላከበት ቦታ ነው። ስለዚህ የቡናው አበባ በሥዕሎቹ ዙሪያ ይፈካል፤ ሥዕሎቹ ግን በጨለማ ውስጥ ያርፋሉ። ሁለት ሌሊት ሙሉ የፍሬሞቹን ጠርዝ ሳስተካክል ቆየሁ።

ብርሃን ቀለም የሚያወጣ መስሎኝ

ስለ ብርሃን ያለኝ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ መናገር አለብኝ። ወጣት ሳለሁ ለአንድ ስብሰባ የድምፅ ገመድ ከሚዘረጉ ልጆች ጋር ወደ አፍሪካ አዳራሽ ገብቼ ነበር። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል፣ ያ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው፣ የጠዋት ፀሐይ ከኋላው ሲመታው አየሁት። የያዝሁትን የገመድ ጥቅል መሬት ላይ አስቀምጬ ቆሜ ቀረሁ፤ አለቃችን ሁለት ጊዜ ተጣራ። አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ1961 ከተመረቀ ጀምሮ ፀሐይ ስትመላለስበት የኖረ ቀለም እንዲያ መብራቱ፣ ብርሃን ቀለምን የሚያወጣ እንጂ የሚበላ አለመሆኑን ልቤ ላይ ጻፈብኝ። መብራት ወደ መሥራት ያዘነበልሁትም ከዚያ ወዲህ ነው።

በእርግጥ የመስታወት ቀለም ሌላ ነው። ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር አብሮ የቀለጠ ስለሆነ ፀሐይ ብዙም አትነካውም። ወረቀት ላይ የተቀባ ቀለም፣ ይልቁንም ከዕፅዋትና ከመሰል ነገሮች የሚወጣው ቀይና ጽጌረዳ ቀለም፣ ብርሃን ባረፈበት ቁጥር ከራሱ ጥቂት ይሰጣል፤ የሰጠውንም መልሶ አያገኝም። ይህንን ለማወቅ የሙያ ትምህርት አያስፈልግም ነበር። እናቴ ጥለት ያለበትን ነጠላም ሆነ ቀሚስ ፀሐይ ላይ ስታሰጣ ሁልጊዜ ገልብጣ ነበር። እህቶቼ ረስተው በገጹ ያሰጡ እንደሆነ ከቤት ወጥታ ራሷ ትገለብጠዋለች፤ «ጥለቷን ፀሐይ በላት» ትላለች። «በላት» የሚለውን ቃል ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከሥራዬ ጋር ግን አንድም ቀን አላገናኘሁትም።

የድርጅቱ የማርኬቲንግ ኃላፊም ከእኔ የተለየ አልነበረም። «ኤልኢዲ እኮ ጉዳት የለውም» ይለኝ ነበር። ከፊሉ እውነት ነው፤ ጥሩ ኤልኢዲ አልትራቫዮሌት ጨረር አያወጣም ማለት ይቻላል፤ ሙቀቱንም እንደ ድሮው አምፖል ከብርሃኑ ጋር አይልከውም። በዓይናችን የምናየው ብርሃን ራሱ ግን ቀለም ያደበዝዛል። ለማየት ከሚያስፈልገን ብርሃን ውስጥ የሚጎዳውን ብቻ ነቅሎ ማውጣት አይቻልም።

58

ከዝግጅቱ በፊት በነበረው ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ሙሉውን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳው ላይ አሄድነው። የሙዚየሙ የስብስብ ክፍል ኃላፊ ከእኛ ጋር ቀሩ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳው የተጠጋ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው የማያወርዱ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። በእጃቸው ላይ ስልክ የሚያህል የብርሃን መለኪያ ነበር፤ ከጫፉ ነጭ ጉልላት የመሰለች ትንሽ ዓይን ወጥታለች። አበባው ፈካ፤ ፍሬው ቀላ፤ ማስኩም አንዲት ጣት ሳያዛንፍ በየፍሬሙ ላይ ተቀመጠ። መለኪያውን ከውኃ ቀለም ሥዕሎቹ አጠገብ አስጠግተው አነበቡ። ከነጩ ግድግዳና ከወለሉ እየነጠረ የሚደርሳቸው ብርሃን 11 ሉክስ ብቻ ሆነ። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «ጥሩ ነው» አሉኝና መለኪያውን እኔ እንድይዝላቸው ሰጥተው መነጽራቸውን ለመጥረግ ዞር አሉ።

በዚያች ቅጽበት የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ የሚያልፍ አንድ የዲኮር ሠራተኛ ገመዱን በእግሩ ጠለፈው። ፊልሙ ጠፋ፤ ከፊልሙም ጋር ማስኩ ጠፋ። ፕሮጀክተር ከኮምፒውተሩ ምንም ሳይደርሰው ሲቀር ዝም ብሎ አይጨልምም፤ የእኛው ሙሉ ገጹን ሰማያዊ አድርጎ «ሲግናል የለም» ብሎ ይጽፋል። ግድግዳው በሙሉ፣ ስምንቱ የዘይት ቀለም ሥዕሎችና ስድስቱ የወረቀት ሥዕሎች ጭምር፣ በአንድ ጊዜ ሰማያዊ ሆኑ።

መጀመሪያ ያየሁት በእጄ የነበረውን መለኪያ ነው። 58 ይላል። የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም። ነጭ ቢሆን 640 ይሆን ነበር፤ ይህ ግን 58 ነው። «እትዬ፣ አይጨነቁ፤ 58 ነው፤ ከፈቀዱልን ስምንት ብቻ ነው ያለፈው» አልኋቸው።

ወደ መለኪያው አልተመለከቱም። «ልጄ፣ መለኪያው በሰው ዓይን ልክ ነው የሚያየው፤ ሥዕሉ የሰው ዓይን የለውም» አሉኝ።

ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ፤ የብርሃን ባለሙያ ነኝ እያልሁ። ሉክስ የሚለካው ብርሃን ለሰው ዓይን ምን ያህል ደምቆ እንደሚታይ ነው። ዓይናችን ወደ ቢጫ የሚያደላውን አረንጓዴ አጥብቆ ያያል፤ ለሰማያዊ ግን ደካማ ነው፤ መለኪያውም የተሠራው ይህንኑ የዓይን ልማድ እንዲከተል ሆኖ ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ብርሃን ብዙ ኃይል ይዞ መጥቶ በመለኪያው ላይ ትንሽ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ለቀለም ግን ሞገዱ ያጠረ ብርሃን ከረጅሙ ይልቅ ይከፋል። የያዝሁት 58 ሐሰት አልነበረም፤ የመለሰው ግን ሥዕሉ ያልጠየቀውን ጥያቄ ነው።

ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አጠፉት፤ ከሥዕሎቹ ፊት ቆመው ፍሬሙን ሳያስነኩ በሁለት እጃቸው ዘረጉት። ስድስቱን መሸፈን አይችሉም ነበርና ጽጌረዳ ቀለም ያለባቸውን ሁለቱን መረጡ። እኔ ሮጥሁ። ገመዱን ከጠረጴዛው ሥር እስከ ላፕቶፑ ተከትዬ ፈተሽሁ፤ ነቅዬ ሰካሁ፤ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ፤ ረዳቴን ጮህሁበት፤ ሌላ ገመድ ከሣጥን አወጣሁ። ቀና ብዬ ሳይ አሁንም እጃቸውን እንደዘረጉ ነበሩ። የነጠላቸው ጥለት ቀይ መሆኑን ቀን አይቻለሁ፤ በዚያ ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል። ፊልሙ ሲመለስ አራት ደቂቃ አልፎ ነበር።

እስከ ዛሬ የምትከራከረኝ ነገር ይህቺ ናት። ፕሮጀክተሩ መዝጊያ አለው። በርቀት መቆጣጠሪያው ላይ ያለችውን አንዲት ቁልፍ ብጫን ብርሃኑ በሰከንድ ውስጥ ይጨልም ነበር። መቆጣጠሪያው ኪሴ ውስጥ ነበር። ይህንን ቁልፍ በቀን አሥር ጊዜ እጫነዋለሁ፤ የት እንዳለች ሳላይ አውቃታለሁ። ያን ምሽት ግን አላሰብሁትም፤ የሮጥሁት ትርዒቱን ለመመለስ እንጂ ብርሃኑን ለማጥፋት አልነበረምና። በእጄ የነበረው መለኪያ «58» እያለ ሲያጽናናኝ፣ ለእኔ የተበላሸው ፊልሙ ነበር። ለእሳቸው ግን ፊልሙ መቼም የነበረ ነገር አልነበረም።

«ሦስት ሰዓት ብቻ»

ሠራተኞቹ እራት ሊበሉ ሲወጡ እኔና ኃላፊዋ ቀረን። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ከይቅርታው ጋር ግን ክርክርም አመጣሁ። ሰው ሲያፍር ይከራከራልና። ዝግጅቱ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው አልኋቸው። በማስኩ ዕቅድ በሥዕሎቹ ላይ የሚያርፈው 11 ሉክስ ነው፤ ለሦስት ሰዓት ሲባዛ 33 ሉክስ-ሰዓት፤ ይህ ደግሞ ሙዚየሙ በ50 ሉክስ አንድ ሰዓት እንኳ ከሚያሳይበት ያንሳል። የአራቱ ደቂቃ ሰማያዊ በቁጥር አራት ሉክስ-ሰዓት አይሞላም።

«ከእናንተ በፊት የመጡትም ሦስት ሰዓት ብለውኛል» አሉ። «ማስክ አላደረጉም። አንተ አድርገሃል፤ እግዜር ይስጥህ። ግን ማስክህ በገመድ የታሰረ ነው።»

ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ ሒሳቡን በሌላ በኩል ሠራሁት። የዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው መመሪያ፣ ለብርሃን እጅግ ስሱ ለሆኑ ሥራዎች በዓመት ከ15,000 ሉክስ-ሰዓት እንዳያልፍ ይመከራል። በ50 ሉክስ ከተካፈለ በዓመት 300 ሰዓት ነው፤ ሙዚየሙ በቀን ስምንት ሰዓት ክፍት ቢሆን ወደ 37 ቀን ይሆናል። ያ ነው የአንዲት የውኃ ቀለም ሥዕል ዓመታዊ ቀለብ። ማስክ ያላደረገ ሰው በ640 ሉክስ ሦስት ሰዓት ቢያበራባት 1,920 ሉክስ-ሰዓት ወስዷል፤ ከዓመቱ ቀለብ ስምንት እጅ አንዱን። በዓመት ስምንት እንዲህ ያለ ድግስ ካለ ሥዕሏን ለአንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳዩ ቀለቧ አልቋል። ጠዋት መጥቶ የሚያይ ሰው ደግሞ ምንም የጎደለ ነገር አያይም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ብርሃንም እንደዚያው ነው።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን መጠኑ አይደለም፤ ያ ብርሃን የማን ነበር የሚለው ነው። ሥዕል ብርሃን ሲያርፍበት ከራሱ የሚሰጠው ሰው እንዲያየው ነው። 1,920 ሉክስ-ሰዓት ማለት በ50 ሉክስ ከ38 ሰዓት በላይ የሰው እይታ ነው፤ የሆኑ ሰዎች ከፊቷ ቆመው ሊያዩባት የሚችሉት ሰዓት። በምርት ምረቃ ምሽት ግን ብርጭቆ ይዞ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ከሚጫወተው እንግዳ ውስጥ ስንቱ ያያታል? የእኔ ማስክ ብርሃኑን ቀንሶታል። ግን 33ቱም ሉክስ-ሰዓት ቢሆኑ ማንም ሳያይባቸው የሚባክኑ ነበሩ፤ በጨለማ ደሴት ውስጥ ያለ ሥዕል ማን ሊያየው!

በዚያ ሌሊት የአሜሪካዊው ሠዓሊ የማርክ ሮትኮ የሃርቫርድ ሥዕሎች ታሪክ ትዝ አለኝ፤ ብዙ የፕሮጀክሽን ባለሙያ የሚያውቀው ነው። ሮትኮ ለዩኒቨርሲቲው የምግብ አዳራሽ የሠራቸው ትልልቅ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1964 ተሰቀሉ። አዳራሹ ሰፋፊ መስኮቶች ነበሩት፤ ከተጠቀመባቸው ቀይ ቀለሞች አንዱ ደግሞ ብርሃን የማይችል ነበር። ደብዝዘው ደብዝዘው በ1979 ወርደው መጋዘን ገቡ። በ2014 የሃርቫርድ ሙዚየሞች ሲያሳዩአቸው አንዲት ጠብታ ቀለም አልነኳቸውም። ከቀድሞ ፎቶዎች የመጀመሪያውን ቀለም አስልተው፣ በየነጥቡ የጎደለውን ያህል ባለ ቀለም ብርሃን በፕሮጀክተር ላኩባቸው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ፕሮጀክተሩን ያጠፉት ነበር፤ ሰው የደበዘዘውን እውነተኛ ገጽ እንዲያይ። ይህንን ታሪክ ሁልጊዜ የማወራው የፕሮጀክተርን ተአምር ለደንበኛ ለማሳየት ነበር። የዚያን ሌሊት ግን የታወሰኝ የማጥፊያው ሰዓት ነው።

አቡጀዴ

ጠዋት መርካቶ ወረድሁና አቡጀዴ ገዛሁ።

ሐሳቡ የእኔ ነው ለማለት አልደፍርም። ነጠላው ከእሳቸው ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በጣና ገዳማት ውስጥ በመጋረጃ የተሸፈኑትን ሥዕሎች አይቼ ነበር፤ ካህኑ መጋረጃውን ሲገልጠው ነው የሚታዩት። በብራና መጻሕፍትም ውስጥ ሥዕሉ ባለበት ገጽ ላይ የተሰፋች ቁራጭ ጨርቅ ትገኛለች፤ አንባቢው በጣቱ ገለጥ ያደርጋታል። ይህ ልማድ ለክብር እንጂ ለሉክስ ተብሎ እንዳልተጀመረ አውቃለሁ። ነገር ግን ክብሩና ጥበቃው ከአንድ ጨርቅ እንደተቆረጡ ያስታውቃል።

ዕቅዱን ገለበጥሁት። ፊልሙ ከግድግዳው ወረደ። በአዳራሹ መካከል መብራት ከሚሰቀልበት የብረት ማዕቀፍ ላይ ጨርቅ ሰቅለን ምስሉን እዚያ ላይ ልናሳርፍ ሆነ፤ የወረቀት ሥዕሎቹ ደግሞ በትንንሽ መጋረጃ ይሸፈናሉ። መጀመሪያ ለማማሩ ብዬ የሰቀልሁት ስስ ሸማ ነበር፤ በጣም ያምራል፤ ግን ብርሃኑን ያሳልፋል። መለኪያውን ከጨርቁ ጀርባ ወስጄ ግድግዳው ላይ ሳስጠጋው ያየሁት ቁጥር እንደገና አሳፈረኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሸማውን አውርጄ አቡጀዴውን ድርብ አድርጌ ሰቀልሁት። ድርብ ሆኖም ምስሉ በጀርባው በኩል ፈዝዞ ይታያል፤ የድርጅቱ ስም ከዚያ ወገን ለሚያየው ተገልብጦ ነው። ከፊደሎቻችን ውስጥ «ሀ»፣ «በ»፣ «ሠ» እና «ዐ» ግራና ቀኛቸው አንድ ስለሆነ መገልበጥ አይጎዳቸውም። የድርጅቱ ስም ውስጥ ግን ከእነዚህ አንዳቸውም አልነበሩም።

የማርኬቲንግ ኃላፊው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሲያይ መጀመሪያ የቀለድሁበት መሰለው። «ወንድሜ፣ እኛ ሙዚየም የተከራየነው ሥዕል ለማሳየት ነው፤ አንተ ሥዕል ትሸፍናለህ? የጋን መብራት አደረግሃቸው እኮ!» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ጁሊ ምሕረቱ የሠራችው የቢኤምደብሊው መኪና እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በፓሪሱ የፖምፒዱ ማዕከል ሲመረቅ የተነሡ ፎቶዎችን አሳየኝ። ያ የመኪና ድርጅት ነው፤ ያም የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው፤ ሠዓሊዋም አዲስ አበባ የተወለደች ናት፤ ታዲያ እዚያ እንዴት ብርሃን በብርሃን ሆነ?

ጥያቄው ተገቢ ነበር። መኪናዋ እዚያ የመጣችው ለማስጌጫነት አይደለም፤ ሥራዋ ራሷ ናት፤ ሁሉም ሰው የመጣው እሷን ሊያይ ነው። በመኪናው ገላ ላይ የተለጠፈው ሥዕልም ከወር በኋላ በለ ማን የመኪና ውድድር ላይ በፀሐይና በዝናብ ውስጥ ሊሮጥ የተዘጋጀ ነው። የእኛዎቹ ስድስት ወረቀቶች ግን ቡና ሊያስተዋውቁ አልተሠሩም፤ ማንም ሊያያቸው አልተጠራም፤ ብርሃኑን ግን ይከፍላሉ። እንዲህ አድርጌ አስረዳሁት፤ የተቀበለኝ አይመስለኝም። ካልተሸፈኑ በሩ እንደማይከፈት ኃላፊዋ ሲነግሩት ነው ዝም ያለው።

በምሽቱ መጋረጃዎቹን የሚገልጡት እሳቸው ሆኑ። እንግዶች አሥራ አምስት አሥራ አምስት እየሆኑ ወደ ቀኙ ጫፍ ይሄዳሉ፤ መጋረጃው ለሦስት ደቂቃ ይገለጣል፤ ይዘጋል። ለእኔ የከበደኝ መንገዱ ነበር። ከደማቅ ቀይ አዳራሽ ወጥቶ በ50 ሉክስ ፊት የሚቆም ሰው ጨለማ ውስጥ የገባ ይመስለዋል፤ ዓይን ወዲያው አይለምድም። ስለዚህ ወደ ሥዕሎቹ የሚወስዱትን የመጨረሻ ስምንት ሜትሮች መብራት ደረጃ በደረጃ አወረድሁት፤ ቀዩ ወደ ሞቃት ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ፈዛዛ ቢጫ፤ ሰው ሳያውቀው ዓይኑ እየሰፋ እንዲደርስ። የመጀመሪያው ቡድን ሲደርስ ድምፃቸው ሳይነገራቸው ዝቅ አለ። ይህንን በሠራኋቸው ደማቅ ትርዒቶች ውስጥ አይቼው አላውቅም።

ሁሉም አልተደሰተም። ፎቶዎቹ ጨለማ ሆነው ወጡ። ከሁለት መቶው ወደ ቀኙ ጫፍ የሄዱት መቶ ሃምሳ ያህሉ ናቸው፤ የቀሩት በረንዳው ላይ ቡናው ዘንድ ቀሩ፤ አልፈርድባቸውም፤ እጣኑም እዚያ ነበር። የድርጅቱ ስም የተገለበጠበት ፎቶ ደግሞ ከሁሉ በላይ ተዘዋወረ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ሌላ ዝግጅት አድርጓል፤ መብራቱን የሠራው ሌላ ሰው ነው።

ደብተሩ

ዕቃውን ፈትተን ስንጨርስ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኖ ነበር። ኃላፊዋ ቢሯቸው ውስጥ መብራት አብርተው ይጠብቁ ነበር፤ ቁልፍ ላስረክብ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ባለ ካሬ የተማሪ ደብተር ተከፍቶ አየሁ። በየመስመሩ ቀን፣ የዝግጅቱ ዓይነት፣ የሥዕሉ ቁጥርና ሉክስ-ሰዓት በእስክሪብቶ ተጽፏል። ሠርግ አለ፤ የመጽሐፍ ምረቃ አለ፤ የእኔን ሙያ የሚሠሩ ሌሎች ሰዎች ያበሩባቸው ምሽቶች አሉ። ባለ አራት አኃዝ የሆኑ ቁጥሮች በርካታ ናቸው። አንዳንዶቹ ምሽቶች ላይ እኔም በረዳትነት ሠርቻለሁ።

የእኛን ምሽት አብረን አሰላነው። አሥር ቡድን፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ፣ በ50 ሉክስ፤ 25 ሉክስ-ሰዓት። በተሸፈኑበት ሰዓት ከመጋረጃው ሥር 2 ሉክስ፤ 5 ሉክስ-ሰዓት። ድምሩ 30። የማስኩ ዕቅዴ ያለ አንዳች እንከን ቢያልፍ 33 ይሆን ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ሳያቸው ሳቄ መጣ፤ በሦስት ሉክስ-ሰዓት ልዩነት ነው ያን ሁሉ የለፋሁት። እሳቸው አልሳቁም። እስክሪብቶውን ወደ 25ቱ ጠቁመው «እነዚህን ሰው አይቶባቸዋል» አሉና 30 ብለው ጻፉ።

ከዚያ በላይ ባለው መስመር የቀደመው ምሽት ተጽፎ ነበር። ለሥዕል ቁጥር ሦስትና አራት፣ ነጠላው ለሸፈናቸው፣ ሰረዝ ብቻ። ለቀሩት አራቱ «58 — 4 ደቂቃ»፤ ቀጥሎ «4 ሉክስ-ሰዓት»። ከአራቱ ጎን ኅዳጉ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ሰማያዊ» ብለው ጽፈው ከሥሩ አስምረውበታል።